ብብት ቢጠቁር ምን አጠፋ?

ወጣቶች ሆይ፤ የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያየ ሰው «ሽማግሌው ምን ነካው?» ሳይል አይቀርም። ብብት የሚባለው የገላ ክፍል በአባቶቻችን ዘንድ በአደባባይ አይጠራም ነበር፤ ቢጠራም እናት ልጅዋን ስታጥብ ነው። ዛሬ ግን በከተማችን በየሕንጻው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳና በየእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ ውስጥ ቀንም ሌሊትም ይጠራል። «የጠቆረ ብብትዎን በሌዘር እናነጣለን» የሚል ዓይነት ቃል ይነበባል። ሌሎች ሳያፍሩ የሚነግዱበትን ነገር እኔ አፍሬ ብተወው ጥቅሙ ለነጋዴው ብቻ ስለ ሆነ፥ ያየሁትንና ያነበብሁትን ሳልሸፍን እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ በአንድ ቃል ላይ ልከራከር። በእነዚህ ማስታወቂያዎች የብብት ጥቁረት «ችግር» ይባላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በተማሪ ፊት ቆሜ የኖርሁ ሰው ነኝና ቃል ያለ ቦታው ሲገባ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ችግር ማለት የራበው ሰው የሚያውቀው፥ የታመመ ሰው የሚሰማው ነገር ነው። ብብቱ የጠቆረ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አላመመውም፥ አላሳከከውም፤ ማስታወቂያውን እስካነበበበት ቀን ድረስም ብብቱን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። እንግዲህ ችግሩን ያመጣው ማን ነው? መድኃኒቱን ይዞ በር ላይ የቆመው ነጋዴ ራሱ አይደለምን?

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የንጽሕና ምርመራ ነበረብን። ጥፍራችን፥ ጆሮአችን፥ አንገታችን ይታይ ነበር። ውኃና ሳሙና ያልነካው ልጅ ወደ ቧንቧው ይላክ ነበር። ያስተማሩንም ነገር አጭርና ግልጽ ነበር፤ እድፍ የሚባለው በውኃ የሚለቅ ነው፤ ታጥቦ የማይለቅ ከሆነ እድፍ አይደለም። የዛሬው ማስታወቂያ ግን ይህን ድንበር አፍርሶ ቀለምን ከእድፍ ጋራ አንድ አድርጎታል። «ማንጣት» የሚለው ቃል «ማንጻት» ከሚለው ጋራ በድምፅ እንደሚቀራረብ ያውቃሉና፥ በሁለቱ መካከል ሰው እንዲሳሳት ይፈልጋሉ።

ይህ ዓይነት ንግድ እኛ ዘንድ አልተጀመረም። የተጀመረበትን ዘመንና ቦታ ማወቅ ግን እጅግ ይጠቅማል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. ጂሌት የተባለው የአሜሪካ ምላጭ ሠሪ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ መላጫ አወጣ። ከዚያ በፊት በአሜሪካ የሴት ብብት ጠጕር ብዙ ሰው አያስቸግርም ነበር። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን ሲሆን ግን ጠጕሩ ነውር ተባለ። ወዲያው ላቡ ተከተለ። በሲንሲናቲ ከተማ የምትኖር ኤድና መርፊ የተባለች ወጣት፥ ሐኪም አባትዋ በቀዶ ሕክምና ጊዜ እጁን እንዳያልበው የቀመመውን ፈሳሽ «ኦዶሮኖ» የሚል ስም ሰጥታ ለብብት ትሸጥ ነበር። ፈሳሹ አሲድ የነበረበት ስለ ሆነ ቆዳን ያስቆጣል፥ ልብስንም ይበላል። ብዙ ሴቶችም አያስፈልገንም ይሉ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ግን ጄምስ ያንግ የተባለ የማስታወቂያ ጸሐፊ «ሌዲስ ሆም ጆርናል» በሚባለው መጽሔት ላይ አንድ አዲስ ነገር አደረገ። መድኃኒቱን ማመስገን ትቶ ሴቶቹን አስፈራራቸው፤ ሳታውቁት ትሸታላችሁ፥ ወዳጆቻችሁም አይነግሯችሁም የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ወደ 200 የሚጠጉ አንባቢዎች ተቈጥተው መጽሔቱን ማንበብ አቆሙ፤ የሚያውቁት ሴቶችም አኰረፉት። ነገር ግን የኦዶሮኖ ሽያጭ በአንድ ዓመት ውስጥ 112 በመቶ አድጎ በ1920 ዓ.ም. 417,000 ዶላር ደረሰ። ሰውን አሳፍሮ ገንዘብ መሰብሰብ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ነጋዴ አልነበረም።

ጠጕሩና ላቡ ካለቁ በኋላ የቀረው ቀለሙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደቭ የተባለው የሳሙናና የዲኦዶራንት ስም የሴቶች ብብት ቆንጆ ሊሆን ይገባዋል የሚል ማስታወቂያ በአሜሪካ ሲያሰማ፥ ቀልደኞች እንኳ ሳይቀሩ «መፍትሔው አስቀድሞ ተገኝቶ በሽታው ኋላ ተፈለገለት» እያሉ ተሣለቁበት። በታይላንድ፥ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ብብት ያነጣል የሚባል ዲኦዶራንት በየሱቁ ይሸጣል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኒቪያ በመካከለኛው ምሥራቅ የፌስቡክ ገጹ ላይ ለዲኦዶራንቱ «ነጭነት ንጽሕና ነው» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ፥ ከብዙ አገር ተቃውሞ ቢነሣበት አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቃሉን አነሣ እንጂ ሐሳቡ ግን አልተነሣም፤ እነሆ እኛ ሰፈር ደርሷል።

የእኛም ቤት ንጹሕ ነው ብዬ አላታልላችሁም። «ቀይ ዳማ» ብሎ ማሞገስን፥ «ጥቁር» ብሎ መሳደብን ከፈረንጅ አልተማርነውም። ለሙሽራ መልክ ሲመረጥ፥ ሕፃን ተወልዶ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን። ነጋዴው ባዶ ቤት አልገባም፤ ከፊታችን ላይ ጀምረን ወደ ታች የምንወርድበትን መሰላል እኛው አቁመንለት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ሌዘርን አልነቅፍም። አንስታይን በ1917 ዓ.ም. መሠረቱን በሐሳብ ካስቀመጠ በኋላ፥ ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ በ1960 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚባል ቦታ የመጀመሪያውን ሌዘር ሩቢ ከሚባል ቀይ ድንጋይ አወጣ። በስኳር በሽታ ምክንያት የዓይኑ ውስጥ የደም ሥሮች የተበላሹበትን ሰው ከመታወር የሚያተርፈው ይኸው ብርሃን ነው። ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ይዞ የተወለደውንም ሕፃን ይረዳል። እንዲህ ያለ ክቡር መሣሪያ የብብት መፋቂያ ሆኖ ሲዋረድ ማየት ነው የሚያሳዝነኝ።

ሌዘር በቆዳ ላይ የሚሠራው እንዴት ነው? አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በ1983 ዓ.ም. ሕጉን ጽፈው አስረድተዋል። ብርሃኑ አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ያለው ስለ ሆነ፥ ያንን ቀለም የሚውጥ ነገር በቆዳ ውስጥ ሲያገኝ ያን ነገር ያሞቀዋል። ብርሃኑ የሚቆይበት ጊዜ እጅግ ካጠረ፥ ይኸውም የአንድ ሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛ ብቻ ከሆነ፥ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሳይዛመት ያ የተፈለገው ነገር ብቻ ይሰባበራል። የተሰባበረውንም ሰውነት በራሱ ጊዜ ጠርጎ ያወጣዋል። በጥቁረት ላይ ሲሠራ የሚፈለገው ነገር ሜላኒን ነው፤ ለቆዳችን፥ ለጠጕራችንና ለዓይናችን ቀለም የሚሰጠው ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቆዳው ነጭ በሆነ ሰው ገላ ላይ ቡናማ ነጥብ ቢኖር፥ ብርሃኑ ነጥቡን ከሌላው ለይቶ ያገኘዋል። በእኛ ገላ ላይ ግን የነጥቡም ሜላኒን፥ ቆዳችንን ሁሉ ከፀሐይ የሚጠብቀውም ሜላኒን አንድ ነው። ብርሃኑ ዓይን የለውም፤ አለብላቢ ጠላትና ጠባቂ ወታደር አይለይም። ስለዚህ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የሚሠራ ሐኪም መሣሪያውን አጥብቆ ይመርጣል። 755 ናኖሜትር ርዝመት ያለው አሌክሳንድራይት የሚባለው ብርሃን በሜላኒን እጅግ የሚዋጥ ስለ ሆነ ለእንደኛ ያለው ቆዳ ያሠጋል፤ 1064 ናኖሜትር ያለው ኤንዲ ያግ ግን ከላይኛው ቆዳ ያነሰ ተውጦ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ይሻላል። ይሻላል ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ኃይሉ ከልክ ካለፈ ያቃጥላል። የተቃጠለ ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲድን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይም ከመጀመሪያው ይበልጥ ይጠቁራል፥ ወይም ቀለሙን ጨርሶ አጥቶ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ለማንጣት የገባ ሰው ጠቁሮ ወይም ተዥጐርጕሮ ይወጣል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ፥ ጥቁረቱ ለምን መጣ ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። እንደ ብብትና እንደ ብሽሽት ያሉ እጥፋቶች በብዙ ሰው ገላ ላይ ከቀረው ቆዳ ጠቆር ይላሉ፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። ከዚያ አልፎ የሚጠቁር ከሆነ ግን ቆዳው በተቈጣ ቍጥር ሜላኒን ስለሚያፈስ ነው። የሚያስቈጣውስ ምንድር ነው? በየሳምንቱ የሚሳብበት ምላጭ፥ ሽቶና አልኮል ያለበት ዲኦዶራንት፥ ትኵስ ሰም፥ ላብ የማያስወጣ ጠባብ ናይለን፥ ከዚያም ጥቁረቱን ለማስለቀቅ የሚታሸው ሎሚና ቤኪንግ ፓውደር። ነገሩ እንዴት ያለ ጉድ እንደ ሆነ ተመልከቱ! የመጀመሪያው ነጋዴ ጠጕርሽ ነውር ነው ብሎ ምላጭ ሸጠላት፤ ሁለተኛው ላብሽ ነውር ነው ብሎ ዲኦዶራንት ሸጠላት፤ እነዚህ ሁለቱ ባቈሰሉት ብብት ላይ ሦስተኛው መጥቶ ጥቁረትሽ ነውር ነው ብሎ ሌዘር ይሸጥላታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ምላጩንና ዲኦዶራንቱን ለጥቂት ወራት ብትተው ጥቁረቱ በራሱ ሊቀል ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው የቤት ኪራይ አይከፍልበትም። ምክንያቱ ሳይወገድ በብርሃን የጠፋ ጥቁረትም ተመልሶ ይመጣል፤ ደንበኛዋም ተመልሳ ትመጣለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የብብትና የአንገት ጥቁረት አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ የሚመጣ ምልክት ነው። ሐኪሞች አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይሉታል። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ሥራው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ገላ ሕዋሳት ማስገባት ነው። ሕዋሳቱ አንታዘዝም ሲሉ ቆሽት ይበልጥ እየጨመረ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊንም የቆዳን ሕዋሳት ያለ ልክ ያራባቸዋል። በዚህ ምክንያት የአንገት ጀርባ፥ ብብትና ብሽሽት ይጠቁራል፥ ይወፍራል፤ ሲዳሰስም እንደ ከፋይ ጨርቅ ይሆናል። ይህ የስኳር በሽታ ከመገለጡ ከብዙ ዓመት በፊት ሊታይ የሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። ስንት እናት የልጅዋ አንገት ያደፈ መስሏት በድንጋይ ፈትጋዋለች! ስንት ልጅስ በክፍል ጓደኞቹ ፊት «የማይታጠብ» ተብሏል! ክብደት ሲቀንስና ስኳሩ ሲስተካከል ይህ ጥቁረት ያለ አንዳች ብርሃን ይቀንሳል። አልፎ አልፎም፥ በተለይ ባልወፈረና ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ በድንገት ከመጣ፥ በሆድ ውስጥ ያለ ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤሪትራስማ የሚባል በጥቃቅን ተሕዋስያን የሚመጣ የብብት ጥቁረትም አለ፤ ሐኪሙ ውድ ባልሆነች አንዲት መብራት ሲያየው እንደ ቀይ ዛጎል ያበራል፤ በተራ መድኃኒትም ይድናል። ሌዘር የያዘ ነጋዴ ግን ይህን ሁሉ ሳያይ ምልክቱን ብቻ ይፍቃል። ቤት ሲቃጠል ጢሱን በማራገቢያ አባርሮ ገንዘብ እንደሚቀበል ሰው ነው።

ቀድሞ ካስተማርኋቸው ልጆች አንዷ፥ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች፥ ሠርግዋ ሲቃረብ እጅጌ የሌለው ቬሎ ለመለካት ሄደች። ከአጀቡ አንዲት ሴት «ክንድሽን አታንሺ፥ ፎቶው ላይ ይታያል» አለቻት። ለቤት ዕቃ ያሰበችውን የእቁብ እጣ አውጥታ ለስድስት ጊዜ ሕክምና በአንድ ቀን ከፈለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ብብትዋ ውኃ ቋጠረ። መሣሪያውን የያዘችው ልጅ ማን እንዳሠለጠናት የሚያውቅ አልነበረም፤ «የተለመደ ነው» ብላ ቅባት ሸጠችላት። በሠርጉ ቀን ቬሎው ላይ እጅጌ ተሰፍቶበት፥ ዘመድ ሁሉ እስክስታ ሲወርድ እርስዋ ክንድዋን ከጎንዋ አርቃ ይዛ ቆመች። ከወር በኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ብብትዋን ከማየቱ በፊት ሻሽዋን አስፈትቶ የአንገትዋን ጀርባ አየ፤ ከዚያም ደምዋን አስመረመረ። ስኳርዋ ከፍ ብሎ ተገኘ። የምርመራው ዋጋ ሌዘሩ ከበላው ገንዘብ ጋራ ሲተያይ ስሙ የሚጠራ አይደለም።

ስለ ቅባቱ በአጭሩ ላልፈው። ከሌዘሩ ጋራ አብረው የሚሸጡት ማንጫ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሃይድሮኪኖን፥ አንዳንዶቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ፥ አንዳንዶቹም ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። ሜርኩሪ ኵላሊትን ይጎዳል፤ በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም እንዲህ ያሉትን ቅባቶች ከገበያ ለማስወጣት አዟል። መግለጫው የማይነበብ ወይም ስሙ የተፋቀ ብልቃጥ አትንኩ።

አሁን መልሳችሁን እሰማለሁ። «ገላዬ የራሴ ነው፤ ገንዘቡም የራሴ ነው፤ ምን አገባዎት?» ትሉኛላችሁ። ገላችሁ የራሳችሁ መሆኑን አምናለሁ፤ የማላምነው ፍላጎቱ የራሳችሁ መሆኑን ነው። ሰው የራሱን ፍላጎት ሲያሟላ ይደሰታል፤ የብብት ማንጣት ግን የሚያስገኘው ደስታ ሳይሆን ከፍርሃት ለጊዜው ማረፍ ነው፤ ዛሬ ብብት ከዳነ ነገ ጉልበት፥ ከነገ ወዲያ ክርን ይከሰሳል። ወንዶችም አትሣቁ፤ የእናንተን ጢምና ግንባር የሚጠብቅ ነጋዴ መንገድ ላይ ነው።

ደግሞም ሁሉን በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። ጠጕሩ ወደ ውስጥ እየበቀለ ብብቱን የሚያቈስለው ሰው አለ፤ ለእንዲህ ያለው በዐዋቂ ሐኪም እጅ፥ ለጠይም ቆዳ በሚስማማ ሌዘር ጠጕሩን ማስወገድ ከምላጭ ቍስል ያሳርፈዋል፤ ጥቁረቱም በዚያው ሊቀል ይችላል። ይህ ሕክምና ነው፤ ለምን መጣ ተብሎ ተጠይቋልና። በአሳፋሪ ቃል ተወግታ ያለቀሰችውንም ልጅ አልነቅፍም። ነቀፋዬ ቃሉን ሸጦ ለሚበላው ነው።

በአገራችን የቆዳ ሐኪም ብዙ አይደለም። ያሉትም ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ነው፤ ይህም ቤት በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን ነበር። እዚያ አንዲት ቀለም የለቀቀች የቆዳ ቦታ ስትታይ፥ ሐኪሙ በጥጥ ነክቶ «ይሰማሃል?» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚያቀልማት አያስብም። ቆዳ የሚጠየቅበትና ቆዳ የሚሸጥበት ቤት ልዩነቱ በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ አሁንም እሄዳለሁ የምትሉ ብትኖሩ፥ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ሐኪም ነው ወይስ ሻጭ? የብርሃኑ ርዝመት ስንት ናኖሜትር ነው? ዓይናችሁን የሚሸፍን መነጽር አለ? አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ሞክሮ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቃል? አንገታችሁን አይቷል? ስለ ምላጫችሁና ስለ ዲኦዶራንታችሁ ጠይቋችኋል? መልስ ካላቸው ቁጭ ብላችሁ አድምጡ። መልሳቸው «ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ» ከሆነ ግን ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ፤ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ስኳራችሁን ተለኩ።